የመርዶ ዋዜማ በጎልፍ ሜዳ

ሰውየውን ያኔ አንቱ እለው ነበር። የሟች ባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ ጄኔቭ ውስጥ ያለነው አበሾች እሱን ሳናማክር ምንም አናደርግም ነበር። ዛሬ አንቱታውን አንስቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ከታሰረ ስምንት ወር አልፎታል። ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ ስለ ዝናብና ስለ ጤና ብቻ ያወራል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሜ አለ ወይስ የለም?

አንድ ቅዳሜ ሰውየው ደወለና "ነይ፣ ጎልፍ እንጫወት፤ ትንሽ አየር ይንካሽ" አለኝ። ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ጥንታዊ ሜዳ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሦስታችን ብዙ ጊዜ ተጫውተንበታል። ያረጁ ትልልቅ ዛፎች ግራና ቀኝ እንደ ቀብር ሸኚ ተሰልፈው ይቆማሉ።

የዚያን ቀን ሚስቱም መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈገችኝ ሴት፣ በከተማ ጫማዋ እርጥብ ሣር ላይ እየተንሸራተተች ክንዴን ይዛ አልለቅ አለች።

ከጄኔቭ ሐይቅ የተነሣው ጭጋግ ሜዳውን ውጦታል። ከእኛ በቀር ሰው የለም። ኳሷን ስመታት ጭጋጉ ውስጥ ትገባና ስትወድቅ አትሰማም። እሱ ቀድሞ ይሄዳል። ስንደርስ ኳሷ ሁልጊዜ ከጉድጓዱ አጠገብ ናት።

"ዛሬስ እጅሽ ተባርኳል!"

"ጋሼ፣ በአንዲት ምት ቆጠራ ከባለቤቴ ጋር ሳምንት የተኳረፉ ሰው ነዎት እኮ። ዛሬ ምን ነካዎት?"

"እርጅና ነዋ" ብሎ ሳቀ።

ሚስቱ አልሳቀችም። "ምሳ በልተሻል? ዛሬ እኛ ጋ ነው የምታድሪው" አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ በእኛ ወግ በድንገት አይነገርም። ሐዘንተኛውን እያጫወቱ፣ እያበሉ ያሳድሩትና ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይነግሩታል። እኔም ስንቱን እንዲህ አዘናግቼ አሳድሬያለሁ።

"እንቀጥል" አልኩ። እስኪነግሩኝ ድረስ ወንድሜ አልሞተም። ቀጣይዋን ኳስ ሆን ብዬ ወደ ዛፎቹ መታኋት። ስንደርስ ኳሷ አሁንም ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጣለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነገሩኝ፤ አለቀስኩ።

እውነቱን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ሚስቱ ከእሱ ተለይታ ዙሪክ ገብታ ነበር፤ አልትሽቴተን ሰፈር ካለው ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት ራሷ ነገረችኝ። ባሏ የወንድሜን ሞት የሰማው ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ፓስፖርቱ ለእድሳት ኤምባሲ ገብቶ ስለነበር፣ ደርግ ለገደለው ሰው ለቅሶ አስቀመጠ እንዳይባል ፈራ። ሐሙስ ታደሰለት፤ ቅዳሜ ጎልፍ ጋበዘኝ።

ወግ የሚያቆየው አንድ ሌሊት ነው። በእነዚያ ሦስት እሑዶች ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ወንድሜ እንዲፈታ ድምፄን አውጥቼ ስጸልይ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ "አሜን" ይል ነበር።