ግማሽ ባዶ የሄደው የስግድ አውቶቡስ

ሙላት እስራኤል ውስጥ ኔታንያ ከተማ ተወልዶ ያደገ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቲዩል፣ የተማሪ ሽርሽር፣ ሲመጣ ሌሎቹ ሹፌሮች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ጩኸቱና ወንበር ሥር የሚደፋው ጭማቂ ማንን ያስደስታል? እሱ ግን ተሽቀዳድሞ ይወስዳል። የአሌክሳንደርን ወንዝ ኤሊዎች ከልጆቹ እኩል ወርዶ ያያል። ከሰፈሩ ከኪርያት ኖርዳው ሕንጻዎች ወጥቶ አገሩን ያወቀው እሱም በልጅነቱ በእንዲህ ያለ ጉዞ ነው።

ከሁሉ የጓጓው ለቤተ እስራኤላውያን በዓል ለስግድ ነበር። አባቱ በጎንደር ሳሉ ጾመው፣ ቄሶቹን ተከትለው ተራራ ወጥተው ያከበሩት በዓል ዛሬ በሕግ የአገሩ ሁሉ በዓል ሆኗል። የልጁን የኤልያናን ክፍል በሙሉ፣ ነጩንም ጥቁሩንም፣ በዓሉ ወደሚከበርበት ኢየሩሳሌም ሊያደርስ ነው።

ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቢያይ የሚሳፈሩት የኢትዮጵያውያን ልጆች ብቻ ናቸው። የኤልያና የልብ ጓደኛ ማያን፣ ከሞሮኮ የመጡት አይሁዶች ልጅ፣ ምሳዋን ቋጥራ መጥታ ነበር። የትምህርት ቤቱ የጉዞ አስተባባሪ አቪጋይል ትከሻዋን ይዛ ወደ ክፍል መለሰቻት። ለምን ብሎ ቢጠይቅ፣ በዓሉ የእናንተ ስለሆነ ሌሎቹ እንዳይሰለቹ ብለን ነው አለችው፣ ፈገግ ብላ።

የሙላት ደም ፈላ።

"በሐኑካ በዓል የእኛን ልጆች ‹ይሄ የእናንተ አይደለም፣ ክፍል ተቀመጡ› ብላችኋቸው ታውቃላችሁ? በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉ በሙሉ ካልተሳፈረ እኔን አትጥሩኝ" አላት።

የገቡትን ልጆች ላለማስከፋት ነዳ። በመስታወቱ የሚታየው ባዶ ወንበር እስከ ኢየሩሳሌም ሲያበግነው ሄደ። ይሄ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ኤሊ እንዲያውቁ ወንዝ ድረስ የሚወሰዱ ልጆች፣ አብራቸው የምትቀመጠውን ልጅ እንዳያውቁ ይከለከላሉ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ማያን ቤታቸው መምጣቷን ተወች። ተጣላችሁ እንዴ ሲላት ኤልያና፣ "ሎ ዮዳዓት አባ፣ እንጃ" ብላ ፊቷን ታዞራለች።

በዓመቱ ትምህርት ቤቱ ሳያንገራግር ሌላ ሹፌር ጠራ፤ አሁንም የሚሄዱት እነዚያው ልጆች ብቻ ናቸው ተባለ። ሙላት ከሥራው ፈቃድ ወሰደና በዋዜማው የማያንን ቤት አንኳኳ። በገዛ መኪናዬ ኤልያናን ስወስድ ማያንም አብራን ትምጣ ብሎ እናቷን ለመነ።

እናትየዋ ትክ ብላ አየችው።

"አምና እያለቀሰች ነው የገባችው። አትምጣብኝ ብላ ያስመለሰቻት ኤልያና መስላት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ስሟን አታነሳም።"

ሙላት ዓመት ሙሉ ሲናደድ የከረመው በባዶ ወንበር ነበር፤ የልጆቹ መኳረፍ ከዚያው ጠዋት የመጣ መሆኑን አላሰበም።

"ነገ በጠዋት እመጣለሁ" አላት። "ኤልያና ራሷ ወጥታ ትጥራት።"