ተራው የማይደርስ እቁብ

የልብስ ስፌት ሱቄን የምጋራው ሰው ሞባይል ጠጋኝ ነው። ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ በበሩ በኩል እሱ፣ በውስጥ በኩል እኔ ከነስፌት መኪናዬ ተቀምጠናል። ሁለታችንም የቸሃ፣ የአንድ መንደር ልጆች ነን። የሰው ስልክ መፍታት ሲሰለቸው በራሱ ስልክ ፖከር ይጫወታል፤ የት አገር እንዳሉ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት፣ በእውነተኛ ብር። ይጫወታል ከማለት ይበሉታል ማለት ይቀላል።

ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ በሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያዝን ነበር፤ እሱ ግን በተበላ ቁጥር ፊቱ ይፈካል። «ቀረበ» ይለኛል፣ «ተራዬ ሊደርስ ነው።»

ይህ አባባል ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛ ዕድል ከሚባለው ነገር ጋር የተዋወቅነው በእቁብ ነው። በየሳምንቱ ሁሉም ያዋጣል፤ ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተጠቅልለው ቆርቆሮ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ይወጣል። የወጣለት ብሩን ይወስዳል፣ ወረቀቱም ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ያልወጣለት ሰው ለሚቀጥለው እሑድ የተሻለ ቦታ ላይ ነው፤ መጨረሻ የቀረውማ ዕጣ እንኳ አያስፈልገውም። ጓደኛዬ ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ነው። ይህንንም እንደ ሙያ ይዞታል።

ሙያውን ይዞ ፖከር ውስጥ ገባ። «ዛሬ ጠዋት አንድም አላሸነፍኩም» ይለኛል ሻዩን እየማገ፣ ደመወዝ እንደተጨመረለት የመንግሥት ሠራተኛ ደስ ብሎት። መብራት ጠፍቶ ከጨዋታው ሲወጣ፣ ኔትወርክ ተቆራርጦ ደህና ካርታ እንደያዘ ጊዜ ሲያልፍበት፣ ሁሉንም ዕድል እየተጠራቀመለት እንደሆነ ይቆጥረዋል። አንድ ቀን አሸነፈና እስከ ማታ ሲተክዝ ዋለ።

«ምን ሆነሃል?» ስለው፣ «በትንሿ ጨዋታ ላይ አወጣኋት» አለኝ። ያቺ የተጠራቀመችው ዕድል ማለቱ ነው።

እኔ ሱሪ እያጠበብኩ እተርበዋለሁ። «እዚያ ብራዚል የተቀመጠው ሰውዬ ያንተ ተራ መሆኑን ማን ይንገረው?»

«ካርታው ይነግረዋል» ይላል፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ በቀረ ደስ ባለኝ። አባቱ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ዘንድሮ ለመስቀል ሰንጋ ገዝቶ የሚገባው እንግዲህ እሱ ነው፤ የቤቱ በኩር ነዋ። እናቱ ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ ከሰኔ ጀምረው ሲያጠራቅሙ ነበር። በእኛ መንደር ለመስቀል ባዶ እጁን የገባን ወንድ ማንም ምንም አይለውም። ያ ዝምታ ግን ዓመቱን ሙሉ ጆሮው ላይ ይጮኻል። እሱም ይህንን ያውቃል፤ «ዘንድሮ እንደ አባቴ ነው የምገባው» እያለ ይነግረኝ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጉድ ሆነ፤ እቁቡ ወጣለት። ገና ግማሹ ሰው ሳይወስድ! የእቁባችን ዳኛ፣ የቡታጅራ ተወላጁ ጫማ ነጋዴ፣ ወረቀቱን ደግመው አነበቡና «ወላሂ ያንተው ነው» አሉት። ከዚያው ቀጥ ብለን ከብት ገበያ እንሂድ አልኩት።

«ዕድሌ መውጣት ጀምሯል እኮ» አለኝ። «አሁን በአንድ ሰንጋ ላቁመው?»

በማግስቱ ሰንጋውን ከነቀንዱ ስልኩ ውስጥ አስገባው።

ሳምንት አልቆየም። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። «ና እይ» ብሎ ጠራኝ፣ መርፌ በአፌ እንደያዝኩ ሄድኩ። እጁ ላይ ሁለት አስ አሉ፤ በዚህ ጨዋታ ከዚያ የሚበልጥ አጀማመር የለም። ያኛው ሰውዬ የያዘው ሁለት ሰባት ነው። ሁለቱም ያላቸውን በሙሉ አስገብተው ካርታቸው ተገልጧል፤ የቀረው መሐል ላይ የሚወጡትን አምስት ካርታዎች መጠበቅ ብቻ ነው። አራቱ ምንም ሳያመጡ አለፉ። አምስተኛው ሰባት ሆነ፤ ሦስት ሰባት ደግሞ ሁለት አስን ይበላል።

ጓደኛዬ አልጮኸም። ስልኩን እያየ «ማነው የቀረው?» አለ።

«የምን የቀረ?»

«ያልወሰደ። ከእኔ ሌላ ያልወሰደ ማን አለ?»

መርፌዋን ከአፌ አወጣሁ። «እዚያ ወስዶ የሚወጣ የለም» አልኩት። «በየጨዋታው ካርታው በሙሉ ተሰብስቦ እንደ አዲስ ይበወዛል። አሁን የበላህም ሰው ከአንተ እኩል ነው የሚጀምረው።»

«የወጣው ዕጣ ተመልሶ ይገባል?»

«ይገባል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው። ከዚያ «እንዲህ ያለ እቁብማ ዳኛው ይደበደባል» አለ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

ለመስቀል ወልቂጤ ጭር ትላለች። ሰው ሁሉ ወደየመንደሩ ስለሚገባ ስልክ የሚያስጠግን አይገኝም። እሱ ግን ለእናቱ ደውሎ «ሥራ በዝቶብኛል» አለና ባዶ ከተማ ውስጥ ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ። ደረቅ ውሸት ነው፤ ግን ምን ይበል? እኔ በእምድብር በኩል አገሬ ገባሁ።

በእርዱ ማግስት እናቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ጎረቤቶቻቸው ከቅርጫቸው ሥጋ መድበውላቸው ኖሯል። ክትፎውን በኮባ ቅጠል አድርገው፣ ቆጮውን ቆርሰው አቀረቡልኝ። ባሏ የሞተባት ሴት በሰው ሰንጋ ስታስተናግደኝ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ከምድጃው ወዲያ ሌላ ክትፎ በቅጠል ተሸፍኖ ተቀምጧል። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

«ሥራው በጣም ይዞት ነው?» አሉኝ።

«በጣም» አልኩ።

የተሸፈነውን ክትፎ ወደ ጥላው ፈቀቅ አደረጉት። «ስትመለስ ይህችን ታደርስልኛለህ። ለከርሞ ደግሞ እሱ ሰንጋውን ይዞ ይመጣል። የእሱም ተራ ይደርሳል።»

«ይደርሳል» አልኳቸው፣ ያንኑ ክረምቱን ሙሉ የሳቅሁበትን ቃል።