አማትን ቀይሮ ማስወጣት

ዛሬ እንጅባራ ሜዳ ላይ የባለቤቴን አባት ቀይሬ አስወጣኋቸው። ትዳሬ እስካሁን አልፈረሰም።

እኔ የቆሰበር ጤና ቡድን አሰልጣኝ ነኝ፤ አማቴ ጋሽ አየነው ደግሞ ተከላካያችን ናቸው። ከጥሊሊዎች ጋር አንድ ለአንድ ነበርን። ጋሼ ገና ከእረፍት በፊት ጀምሮ ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር። ግን እንዴት ብዬ "ይውጡ" ልበላቸው? እኔ እኮ ቤታቸው ስሄድ "ልሂድ" ማለት እንኳ ይከብደኛል!

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንደ ምንም ደፍሬ ወደ መስመሩ ተጠጋሁ።

"ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ ቢሉስ?"

"ደክሞህ ከሆነ አንተ ተቀመጥ" አሉኝ።

በስንት ልመና ወጡ። ችግሩ፣ እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲወጣ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ተከላካዮቻችን በሙሉ እስከ መስመሩ ሸኟቸው። በረኛችን ጭምር ጃኬት ሊያለብሳቸው መጣ። ዳኛው ታግሶ ታግሶ ጨዋታው እንዲቀጥል ፊሽካውን ነፋ፤ ጥሊሊዎችም ባዶ ጎል አግኝተው አገቡብን።

ጋሼ ጃኬታቸውን እየቆለፉ፣ "አየህ? እኔ እያለሁ እንዲህ ያለ ጎል ገብቶብን ያውቃል?" አሉኝ።

አማታችሁን ቀይራችሁ የምታውቁ አሰልጣኞች፣ በስንተኛው ደቂቃ ነው የሚሻለው? ለእኔ እንኳ ረፍዷል፤ እራት እሳቸው ቤት ነው።