ያለ አጥር ሜዳ የጠበቀችው ብርቱካን

ጠዋት ስልኬ ሲጠራ ጋሽ አስራት መሆናቸውን አይቼ ፈገግ ብዬ ነው ያነሳሁት። ቦንጋ እያለን የቢሯችን ሹፌር ነበሩ፤ ሲደውሉ ሁሌ የሆነ ቀልድ አያጡም። ዛሬ ግን ስሜን ብቻ ጠሩ። ከዚያ "ብርቱካን አረፈች" አሉኝ።

"የቷ ብርቱካን?" አልኳቸው። የማውቃት ብርቱካን አንድ ብቻ ሆና ሳለ።

ኩላሊቷን እንደሚያማት እናውቅ ነበር። ባለፈው ስናወራ ግን ድምጿ ደህና ነበር። "ተሽሎኛል፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ" ብላኛለች። እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

ለማታውቋት ትንሽ ልንገራችሁ።

ብርቱካን ከቦንጋ አለፍ ብላ ያለችው የዋጫ ከተማ ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን ለጀማሪ ባለሙያዎች የሚሰጥ የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ፣ ፌሎውሺፕ የሚሉትን፣ አግኝተን ቦንጋ አንድ የመሬት ቢሮ ተመደብን። ሥራችን ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሰፊ የመንግሥት ሣር ሜዳ ነበር። የአካባቢው ሰው ከብት ያሰማራበታል፣ ለቤት ክዳን ሣር ያጭድበታል፣ ታች ካለው ጨዋማ ሆራ ከብቱን ያጠጣል። እሁድ እሁድ ደግሞ የከተማው ሰው ለመዝናናት ይመጣል፤ ኳስ የሚጫወተው፣ ፎቶ የሚነሳው፣ ሞተር የሚያስጋልበው ብዙ ነው። እኛ ሁለቱን ወገን ማስማማት ነበረብን። ሁለቱ ወገን ደግሞ ሰላምታም የላቸውም።

እኔ ከደብረ ብርሃን ነው የሄድኩት፤ ከአካባቢው ቋንቋ ከካፊኖኖ አንድ ቃል አልችልም። እሷ ደግሞ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። እንደዚያም ሆኖ ተግባብተን ነበር የምንውለው።

አንድ እሁድ የሰርግ አጀብ መጣ። ዝናቡ ገና አላባራም። መኪናውን መንገድ ላይ አቁመው በእግር መግባት ሲችሉ፣ ለፎቶ ብለው ሜዳው መሃል ድረስ ነዱት። ረግረጉ ላይ ሲደርሱ የሙሽሮቹ መኪና ሰመጠ። ሹፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ለጥጆች ተብሎ የተተወው ለጋ ሣር ጭቃ ሆነ።

ባለከብቶቹ ከብታቸውን እየነዱ መጥተው መውጫውን ዘጉት። አንድ አባት ዱላቸውን መኪናው ፊት ተክለው በአማርኛ "መኪናው እዚህ ይቀራል!" አሉ። የቀረውን በካፊኖኖ ነው የተናገሩት፤ ቃሉ ባይገባኝም ቁጣው ገብቶኛል። ሚዜዎቹ ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ሙሽሪት መኪና ውስጥ ታለቅሳለች።

ፖሊስ ልጠራ ስልኬን ሳወጣ ብርቱካን እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እንቀመጥበት።"

አብረናት የሠራን ሁሉ ይህችን ንግግሯን እናውቃታለን። የመሬት ነገር በተነሳ ቁጥር ትላታለች። እሷ እንቀመጥበት ስትል ደግሞ የምሯን መቀመጥ ነው። ጫማዋን አውልቃ ሄደችና ዱላ የተከሉት ሽማግሌ ፊት እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ቀስ ብላ በቋንቋቸው ታወራቸው ጀመር። በኋላ ምን እንዳለቻቸው ስጠይቃት "የቷ ላም እንደወለደች ነው የጠየቅኳቸው" አለችኝ። ሽማግሌው ቆይተው እሳቸውም ተቀመጡ።

ከዚያ ሙሽራውን ጠራችው።

"ና፣ ቁጭ በል።"

"ሱፌ ይበላሻል እኮ!"

"የሳቸውም ሣር ተበላሽቷል።"

ልጁ ሱሪውን አየ፣ ወደ ሙሽሪት ዞር አለ፣ ተቀመጠ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ መሬቱ እንዲህ መሆኑን አላወቅንም" አለ። ብርቱካን ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ነጭ ሱሪው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ትንሽ ቆይቶ ባለከብቶቹና ሚዜዎቹ ትከሻ ለትከሻ ሆነው መኪናውን እየገፉ ነበር።

ወሬው ቢሮ ሲደርስ አለቃችን "በቃ ይታጠር፤ ከብትም ሰውም አይግባ" አለ።

"ከታጠረ ከብቱ ወደ ሆራው በየት ይሄዳል?" አለችው።

"አንቺ ጀማሪ ነሽ፣ ይሄን ለኛ ተይው።"

"ጀማሪ ስለሆንኩ እኮ ነው የምጠይቀው" አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ፌሎውሺፗን ያቋርጡባታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

መጠየቋን አላቆመችም፤ ጽናቷ አሸነፈ። አለቃችን ሰልችቶትም ይሁን አምኖባት፣ አንድ ቀን አብሮን ሜዳው ድረስ ሄደ። ባለከብቶቹ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ፣ ፎቶ አንሺዎቹ ተጠሩ። ተነጋግረው ተስማሙ፤ መኪና መንገድ ላይ ይቆማል፣ ላይኛው ደረቁ ሜዳ ለመዝናኛ ይሆናል፣ ታችኛውና ሆራው ለከብት ይቀራል፣ ሞተር ጨርሶ አይገባም። ሁሉም ተደስቶ አልተበተነም። ባለሞተሮቹ ለብዙ ጊዜ አኩርፈውን ነበር፤ አንዳንዶቹ አሁንም ሳያኮርፉ አይቀሩም።

ዓመቱ ሲያልቅ አብዛኞቻችን ተበተንን። እኔ ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ። እሷም እዚያው ሐዋሳ ተጠርታ ነበር፤ አልሄደችም። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "ሣሩን ገና አንድ ክረምት ነው ያየሁት" ብላኝ ቦንጋ ቀረች። ሜዳው እስከ ዛሬ አልታጠረም። በቅርቡ የላከችልኝ ፎቶ ላይ ከላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ከታች ላሞች ይግጣሉ። እሷ ፎቶው ውስጥ የለችም፤ ያነሳችው እሷ ናት።

ብርቱካንዬ፣ ነገ በጠዋት ወደ ዋጫ እነሳለሁ። እናትሽ ስለ ሥራሽ ብዙ እንዳልነገርሻቸው አውቃለሁ፤ ሲጠይቁሽ "ቢሮ ነው የምውለው" ብለሽ ነበር የምታልፊያቸው። እኔ እነግራቸዋለሁ። ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ።

ይህን ያህል ደክሞሽ ነበር፤ ለማናችንም አልነገርሽም። አሁን እረፊ፣ እህቴ። ስላንቺ የሚያወራ ሰው አታጪም።