ስርጉዱን ያቃናው ተርስታን

የመንደራችን አንጥረኛ ተርስታን ጠማማ ነገር ካየ እህል በአፉ አይዞርም። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ላይ ያለው፣ የነፋስን አቅጣጫ የሚያሳየው የብረት አውራ ዶሮ አንገቱን ያዘነበለ መስሎት አንድ ቀን ወጥቶ አቃናው፤ ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ከየትም ቢነፍስ ዶሮው የሚያየው ወደ ዌልስ ብቻ ነው። የሚስቱ የኤሞት አፍንጫ ትንሽ ወደ ግራ ስለሚያደላ፣ ትክ ብሎ ሲያያት መዶሻውን ትደብቃለች ይባላል። የግቢያቸውም በር ዝናብ በመታው ቁጥር ይዘማል፤ ተርስታን በማለዳ ሳያቃናው ቁርስ ቀምሶ አያውቅም።

ባላባታችን ሰር ጀርቬስ ከንጉሡ ጋር ፈረንሳይ ሊዘምቱ ሲነሱ፣ ከሚላኖ ያስመጡትን የደረት ጥሩር ጠፍሩን እንዲቀይርላቸው ለእሱ ሰጡት። ጠፍሩን ብቻ። ተርስታን ግን ጥሩሩን ሲያገላብጥ፣ ልብ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ አየ። እንዲህ ያለ ዕቃ ተሰርጉዶ አይዘምትም አለና መታው። ብረቱ እምቢ አለ። የሚላኖ ብረት በእኛ መንደር መዶሻ ሲስቅበት ተናደደና ከሰል ውስጥ ከተተው፤ ወናፉን ነፋ፤ ቀልቶ ሲለዝብ ደልድሎ አቃናው፤ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተወው። ከዚያ በአሸዋና በኮምጣጤ ፈትጎ መላእክት ፂማቸውን የሚላጩበት መስታወት አስመሰለው። ምርቃት ነው ብሎ ዋጋ እንኳ አልጨመረም።

ሰር ጀርቬስ ጥሩሩን ሲያዩ ፊታቸው ከብረቱ በላይ ነጣ። ስርጉዱን በጣታቸው ፈለጉት፤ የለም። የሚላኖ ሰዎች ጥሩር ከመሸጣቸው በፊት በባለ ቃታ ቀስት ይተኩሱበታል፤ ያ ስርጉድ ፍላጻው አለመብሳቱን የሚመሰክር ማኅተም ነበር። ይህን አስረዱትና፣

"ምስክሬን ገደልክብኝ" አሉት። "ምስክር የገደለ በምስክሩ ቦታ ይቆማል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለብሰኸው ሜዳ ላይ ትቆማለህ፣ አዳኜ ይተኩስብሃል። ከተረፍክ ስርጉዴ ተመለሰልኝ።"

"ካልተረፍኩስ ጌታዬ?"

"እኔ ፈረንሳይ ከምሞት አንተ እዚህ ብትሞት ለቀባሪ ይቀርባል።"

ጠላ ቤት ውስጥ ይህን ስንሰማ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የሱን ምስጢር አላወቅንማ። በእሳት ቀልቶ በአመድ የበረደ ብረት ቅቤ ነው። ይህን የነገረው ለኤሞት ብቻ ነበር፤ እኛም ኋላ ከእሷ ሰማን።

"አንተ ሰው፣ እውነቱን ንገራቸው" አለችው።

"ብነግራቸው ይሰቅሉኛል።"

"ባትነግራቸውስ?"

"እበሳለሁ።"

ኤሞት ካሰበች በኋላ፣ መሰቀል ሳይሻል አይቀርም፣ ቢያንስ ሸሚዝህ ለሰው ይተርፋል አለችው። ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

እሑድ ዕለት ተርስታን የዘጠኝ ወር እርጉዝ መስሎ ሜዳው ላይ ቆመ። ኤሞት ከጥሩሩ ሥር ያልጠቀጠቀችው የለም፤ የበግ ፀጉር፣ ጨው የበላ ሥጋ፣ በመጨረሻም እሱ ራሱ የቀጠቀጠላትን የድስት ክዳን። በተነፈሰ ቁጥር የጥሩሩ ዘለበት ሲንቋቋ እስከ ጠላ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር። አዳኙ ቃታውን ሳበ። ደወል የተመታ መሰለ፤ ተርስታንም በጀርባው ተዘረጋ።

ሰር ጀርቬስ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ጥሩሩ ላይ አኖሩ። ፍላጻው በበሳው ቀዳዳ ጣታቸው ገባ። አንጥረኛው ቢያቃስትም እሳቸው የሚዳስሱት የራሳቸውን ደረት ነበር። ሳቃችን እዚያው ቀረ። ጠፍሩን በጥሰው ሲከፍቱት ክዳኑ ወጣ፤ መሀሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የአተር ሾርባዬ ክዳን ነው ጌታዬ" አለች ኤሞት።

ሰር ጀርቬስ ክዳኑን ደረታቸው ላይ ለኩት። "ይኼ ምስክር አለው፤ እኔ እለብሰዋለሁ" አሉ። ወደ ተርስታን ዞረው ደግሞ፣ "አንተ ያንን ቀዳዳ ጥሩር ለብሰህ ከፊቴ ትሄዳለህ" አሉት።

በማግስቱ ጉዞ ሆነ። ኤሞት እስከ ግቢያቸው በር ሸኘችው።

"ፈረንሳይ ያየኸው ጠማማ ሁሉ ጠማማ ሆኖ ይቅር፣ እሺ?"

በአንገቱ እሺ አላት። ሌሊት የዘነበው ዝናብ በሩን አዝምሞት ነበር፤ ሁላችንም እጁን እናያለን። ተርስታን በሩን አየው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፣ በጎኑ ሾልኮ ወጣ።

እሑድ ያላለቀሰችው ኤሞት ያን ጊዜ የዘመመውን በር አቅፋ አለቀሰች።