ሚልካ ልትከፍተው የነበረው ቸርች

ሚልካ ቸርች ልትከፍት ነው ተባለ። ስም ሁሉ ወጥቶለት ነበር፤ አንዱ «የነጎድጓድ ድምፅ» ነው ሲል፣ ሌላው የለም «የእሳት ዓምድ» ነው ብሎ ተከራከረ። አዳራሹን ኢስትሊ ሰፈር ከጫማ መጋዘን በላይ ተከራይታለች፣ ከኳየራችንም ግማሹን ይዛ ትወጣለች ተባለ። ወሬው ከከተማው አንድ ጫፍ ከኢምባካሲ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ኪሌሌሽዋ ሲደርስማ ሚልካ ነቢይት ሆና አንድ ሽባ አስነስታለች።

ውሸት ነው። ሚልካ ለሄቪ ሜታል ሙዚቃ የሚሆን ስፒከር እየመረጠች ነበር።

በወሬኛው ግን ብዙም አትፍረዱ። እዚህ ኬንያ፣ እኛ ዘንድ፣ ትልቅ ስፒከር ይዞ ማታቱ ታክሲ የሚሳፈር ሐበሻ ሦስተኛ ዓይነት የለውም፤ ወይ ሠርግ ያጫውታል፣ ወይ ቸርች ይከፍታል። ሚልካ ደግሞ ሠርግ ላይ ከወንበሯ ተነስታ አታውቅም።

ሴትየዋ አርባን አለፍ ያለች፣ ኤርፖርቱ አጠገብ በአንድ የአበባ መጋዘን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ጽጌረዳ የምታሽግ፣ እሁድ እሁድ በኳየራችን አልቶ፣ ወፈር ያለውን የሴቶች ድምፅ፣ የምትዘምር ናት። ሄቪ ሜታልን ያስለመደቻት አብራት የምታሽግ ኬንያዊት ናት፤ ብርዱ አጥንት ሲቆረጥም አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አካፈለቻት። መጀመሪያ ቆርቆሮ በደረጃ ላይ የሚንከባለል መሰላት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ እጇ ሞቀ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ጽጌረዳና ጊታር አብራ ስታሽግ ኖረች፤ ከቸርች ሰው ማንም አያውቅም።

ዘንድሮ ቀኝ ጆሮዋ መደንዘዝ ጀመረ። ክሊኒክ ስትሄድ «የጆሮ ማዳመጫ ከዛሬ ጀምሮ በቃሽ፤ የግድ ከሆነ በስፒከር፣ ከሩቅ፣ ዝቅ አድርገሽ» አሏት። ከክሊኒኩ በቀጥታ ኢስትሊ፣ የድሬዳዋዋ ልጅ የሰዲቃ ሱቅ ገባች።

«ለመዝሙር ነው ለማታቱ?» አለች ሰዲቃ።

«ለከበሮ። በሁለት እግር የሚመታ ከበሮ አለ፣ እንደ ስፌት መኪና የሚፈጥን። እያንዳንዱ ምት ለየብቻው እንዲሰማኝ ነው የምፈልገው።»

ሰዲቃ ወገብ የሚደርስ ጥንድ ስፒከር ጎትታ አወጣች። «ይሄ ቤዙ እርጉዝን ያለ ወሯ ያስወልዳል!»

ቤት ወስዳ ሞከረችው፤ ምቱ እንደ ገንፎ ተላቆጠ። መለሰችው። ትንንሾቹን ወሰደች፤ ጸናጽሉ ጆሮ ይላጫል፣ ከበሮው ግን ያው ገንፎ ነው። ከጥግ አወጣቻቸው፣ ከግድግዳ አራቀቻቸው፣ ከሥራቸው ጡብ ከተተች፣ ሶፋውን አዞረች። ሻይ ትቀዳና ሳትጠጣው ተነስታ አንዱን በስንዝር ትገፋለች፤ ትመለስና ሌላውን ትስባለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ካርቶን ይወጣል፣ ሌላ ካርቶን ይገባል። ከሥሯ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ጌጤ፣ የኅብረታችን የጸሎት እናት፣ ከበረንዳቸው ሆነው ያያሉ። እትዬ ጌጤ ያዩትን ነገር እግዚአብሔር ብቻ አይደለም የሚያውቀው።

በመጨረሻ ሰዲቃ መረራት። «ባስ! በቃ! አንቺ ሴትዮ ሱቄን በማታቱ አመላለስሽው። ሁለቱንም ጥንድ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ውሰጂና አወዳድሪ፤ እሁድ ሳልዘጋ አንዱን መልሺ። ከዚያ በኋላ መለወጥ የለም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ግን… ስፒከሩ ነው ወይስ ጆሮሽ?» አለቻት።

ይቺ ጥያቄ ናት መቀመጫ ያሳጣቻት። ስፒከሩ ከሆነ ይለወጣል። ጆሮዋ ከሆነ ግን ኢስትሊ ከነሱቁ ቢገለበጥ ምትክ አይገኝለትም፤ ጊታሩም አልቶውም ቀስ በቀስ እየተሰናበቷት ነው ማለት ነው። ራሷ ሰምታ መለየት አልቻለችም። ሁለት ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው ያስፈልጋታል። ማንን ትጥራ? የእኛን ሰው ጠርታ ይሄን ታሰማው?

ሳትጠራቸው መጡ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌው ጋሽ ታመነና እትዬ ጌጤ ኬክና ሶዳ ይዘው በሩን አንኳኩ። ጋሽ ታመነ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ሚልካ ድምፁን ስትለካ የሰነበተችባትን ወንበር መርጠው ተቀመጡ። ጸለዩ። ጸሎቱ ረዘመ። ሚልካ በአንድ ዓይኗ ሰዓት ታያለች።

«እህት ሚልካ» አሉ ሲጨርሱ፣ «ቅር ያለሽ ነገር ካለ በፍቅር እንነጋገር። መገንጠል ጥሩ አይደለም።»

«ከምን?»

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ እትዬ ጌጤ። «ካርቶኑን አይቻለሁ። ስንት ሰው ይዘሽ ነው የምትወጪው?»

«እኔ? ብቻዬን ለሽርሽር እንኳ ወጥቼ አላውቅም!»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ሊጮህ ነው?»

ሚልካ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች። ሰዲቃ ልትዘጋ ነው። እውነቱን ካሰማቻቸው ኳየሩ ሊቀርባት ይችላል። ከዚያ የጋሽ ታመነን ጆሮዎች አየች። ስብከት መሃል የኋላ ወንበር ላይ የተንሾካሾከን ሰው ለይተው በስሙ የሚጠሩ ጆሮዎች ናቸው።

«ይቅር በሉኝ» አለችና ከፈተችው።

ዘፋኙ ቢላ እንዳየ በሬ አጓራ። እትዬ ጌጤ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ኬኩን አቀፉ። ከበሮው ተከትሎ ገባ። ሚልካ መጀመሪያ በትልልቆቹ፣ ቀጥላ በትንንሾቹ አሰማቻቸውና ዘጋች።

ሄዳ ከጋሽ ታመነ ወንበር ሥር ተንበረከከች። ንስሐ ልትገባ መስሏቸው እጃቸውን ሊጭኑባት አነሱ።

«ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር እውነቱን ይንገሩኝ» አለች፣ ግራ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠግታ። «ከበሮው ለየብቻው ተሰማዎት ወይስ እርስዎም ላይ ተላቆጠ?»