ዘውድም ጎፈርም የሌላት ሳንቲም

አቡ ዓሪሽ በምትባል የዓረብ አገር ከተማ ዳር ባለው የማንጎ እርሻ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረች፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ማራገቢያ፣ የአንድ ሰው ቦታ። እኛ ደግሞ ሁለት ነበርን፤ እኔና ከየመን አብሮኝ የተሻገረው የወሎ ልጅ። ለለቀማው ሁለታችንንም ቀጥረውን ነበር። ማንጎው ሲያልቅ ግን ጌታው የሚያስቀሩት አንዳችንን ብቻ እንደሆነ ነገሩን። የሚሄደው በየመንገዱ ሥራ እየለመነ ከዳውሪያ፣ ከዚያች ከፖሊስ መኪና፣ ሲሸሽ ሊከርም ነው።

ጌታው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ኡስታዝ እንላቸዋለን። "እኔ አልመርጥም፤ ተስማሙ" አሉን። ተስማማን፤ እኔ እሱ እንዲሄድ፣ እሱ እኔ እንድሄድ። መላው ሲጠፋ ሳንቲም ወርውረን ዘውድ ወይስ ጎፈር እንባባል አልን። ኪሳችን ውስጥ ግን ሳንቲም የለም።

ኡስታዝ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። አሮጌ ሳንቲም መሰብሰብ ነፍሳቸው ነው፤ የሚያይላቸው ሰው ግን የለም። ሚስታቸው እንኳ የሳንቲሞቹ ሳጥን ስትወጣ ካዩ ወደ ማጀት ይሸሻሉ። ከሳጥኗ አንዲት የጠቆረች የብር ሳንቲም አውጥተው ሰጡኝ።

"ጎፈር!" አለ ጓደኛዬ። ወረወርኩ። ሁለት የተጨባበጡ እጆች።

"ገልብጣት!" ገለበጥኳት። ሁለት የተጨባበጡ እጆች።

"ወላሂ፣ እኒህ ሽማግሌ እየቀለዱብን ነው!"

ኡስታዝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳንቲሟ የሮማ ወታደሮች ያመፁ ጊዜ የተሠራች ናት አሉን። አሮጌውን ንጉሥ ክደዋል፣ አዲሱ ገና አልቆመም፤ የማንን ራስ ይቅረፁባት? እንዳንካካድ ብለው የተጨባበጡ እጆች አደረጉባት።

"አልተካካዱም ታዲያ?" አልኳቸው።

"ምን ያልተካካደ አለ!" አሉ ደስ ብሏቸው።

እኛ ግን ልባችን ተነካ። "ኸላስ፣ በቃ፣ አንተ ቅር" አለኝ ጓደኛዬ። "ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅር፤ እኔ ፈይፋ ተራራ ወጥቼ የቡና ሥራ አላጣም" አልኩት። ያንን ክፍል እንደ ጉርሻ ተገባበዝነው። በመጨረሻ ተጨባብጠን፣ ነገ እንነግራቸዋለን ብለን ተኛን።

ጎህ ሲቀድ ሐሳቤን ቀየርኩ። ኮሽታ እንዳይሰማ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ ኡስታዝ በር ሄድኩ። ጓደኛዬ ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

"ምነው በጠዋት?" አለኝ።

"አንተስ?"

"አየር ልቀበል ብዬ።"

ኡስታዝ በሩን ከፈቱ። እሱን አዩት፤ እኔንም፣ የያዝኩትን ጫማም አዩ። "ቀድሞ የመጣው ይቀራል" አሉና በሩን ዘጉት።

ሰውየው ፀጉሩን አበጥሮ እንኳ ቀደመኝ! ፈይፋ በምትወጣው ፒካፕ ላይ ተሳፍሬ ፊቴን አዙሬ ሳለ፣ በፌስታል ማንጎ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ።

"አፉ በለኝ" አለ እያለከለከ።

"አንተም አፉ በለኝ። ቀደምከኝ እንጂ ከእኔ አልባስክም።"

እጁን ዘረጋልኝ፤ ያዝኩት። ሹፌሩ "ያላ! ያላ!" እያለ ጥሩምባውን ሲያንባርቀው እንኳ ሁለታችንም አልለቀቅንም።